የቆጠበ የከሰረበት ዓመት

ባለፈው የውይይት ጊዜያችን ከመካከላችን አንዱ «ጦርነት የሚያበቃው ተኩስ ሲቆም ነው» ብሎ ነበር። በዚህ አሳብ ስላልተስማማን፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን አገር የሆነውን አጥንተን እነሆ አቅርበናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጀርመን ጦርነቱን የተዋጋችው በአብዛኛው በብድር ነው። መንግሥት ግብር ከማብዛት ይልቅ ከ1914 እስከ 1918 ድረስ ዘጠኝ ጊዜ የጦርነት ቦንድ ለሕዝቡ ሸጠ። መምህሩ፣ ጡረተኛው፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሳይቀሩ ጥሪታቸውን አውጥተው ገዙ፤ ድምሩም ወደ 100 ቢሊዮን ማርክ የሚጠጋ ነበር። የታሰበው ድል ሲገኝ ዕዳውን ተሸናፊው እንዲከፍል ነው። ተሸናፊዋ ግን ራሷ ጀርመን ሆነች። በኖቬምበር 1918 ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልም 2ኛ ዙፋናቸውን አጥተው ወደ ሆላንድ ተሰደዱ፤ ሪፐብሊክም ታወጀ። በ1919 የቬርሳይ ውል ተፈረመ፤ በ1921 ደግሞ የጦርነቱ ካሣ 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ እንዲሆን ተወሰነ።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ጀርመንን ያደኸያት ካሣው ብቻ ነው» የሚል ነው። እኛ ግን በዚህ አልረካንም። ማርክ ገና በጦርነቱ ዘመን ግማሽ ያህል ዋጋውን አጥቶ ነበር። አዲሱም መንግሥት ከባድ ግብር ጥሎ ከሕዝቡ ጋር ከመጣላት ይልቅ ወጪውን ገንዘብ በማተም መሸፈንን መረጠ። የባሰው በጃንዋሪ 1923 መጣ። «የካሣው እንጨትና ከሰል ዘገየብን» በማለት የፈረንሳይና የቤልጅግ ጦር የሩርን የከሰል ማዕድን አውራጃ ያዘ። መንግሥት ሠራተኞቹ ለወራሪው እንዳይሠሩ ጥሪ አደረገ፤ ሥራ ላቆሙትም ደመወዝ እከፍላለሁ አለ። ከየት አምጥቶ? ከማተሚያ ቤት!

ከ130 በላይ ማተሚያ ቤቶች ቀንና ሌሊት ገንዘብ ያትሙ ጀመር። ጊዜ ለማትረፍ ሲባል በአንድ ገጻቸው ብቻ የታተሙ ኖቶች ነበሩ። ለዚህች ጽሑፍ ማባዣ አንድ ደስጣ ወረቀት ለማግኘት ደጅ የምንጠና እኛ ይህን ስናነብ መገረማችን አልቀረም። በ1914 አንድ የአሜሪካ ዶላር 4 ማርክ ከ20 ሣንቲም ያህል ነበረ፤ በኖቬምበር 1923 4 ሺህ 200 ቢሊዮን ማርክ ሆነ። ሠራተኛው ደመወዙን በየቀኑ እየተቀበለ፣ ዋጋ ሳይጨምርበት ወደ ገበያ ይሮጥ ነበር። በበርሊን አንድ ዳቦ 200 ቢሊዮን ማርክ ገባ። እንግዲህ እናስላው፤ በዘጠኙ ዙር ቦንድ ሕዝቡ ያበደረው ገንዘብ በሙሉ ግማሽ ዳቦ ብቻ ይገዛ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ የአንዱ ኪሣራ ለሌላው ትርፍ መሆኑን ልብ እንበል። ዕዳ የነበረበት ባለ ርስት የከብት ዋጋ በማይሞላ ወረቀት ዕዳውን ከፍሎ ተገላገለ። ሁጎ ስቲነስ የተባለው ከበርቴ በብድር ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ገዛ። ከሁሉም በላይ የተጠቀመው ተበዳሪ ራሱ መንግሥት ነበር፤ የሕዝቡ ዕዳ ከላዩ ወረደለት። ቆጥቦ ያስቀመጠው ግን ባዶ እጁን ቀረ። ሂትለርም በኖቬምበር 8 እና 9 ቀን 1923 በሙኒክ ከተማ ሥልጣን ለመንጠቅ ሞከረ፤ ሳይሳካለትም ታሠረ። ያን ጊዜ የተናደደውን ሕዝብ ያየ ሰው ግን ጉዳዩ በእስራት እንደማያልቅ መገመት ይችል ነበር።

በዚያው ወር ሬንተንማርክ የተባለ አዲስ ገንዘብ ወጣ። አንዱ ሬንተንማርክ በ1 ሺህ ቢሊዮን የወረቀት ማርክ ተመነዘረ፤ ማተሚያውም ገደብ ተደረገለት፤ ዋጋም ረጋ። የከሰሩት ግን «ገንዘባችንስ?» እያሉ ፍርድ ቤቱንም ምክር ቤቱንም አስጨነቁ። በ1925 በወጣው ሕግ ቤት በመያዣነት ይዞ ያበደረ ሰው ከቀድሞው ዋጋ 25 በመቶ እንዲመለስለት ተፈቀደ። ለአገሩ ያበደረው ሰው ሰነድ ግን በ2.5 በመቶ ተተመነ፤ ቦንዱን ከመጀመሪያ ጀምረው ይዘው የቆዩት ብቻ ዕጣ ሲወጣላቸው ጥቂት ይጨመርላቸው ነበር።