ፍሪሲዮኑ ከመውረዱ በፊት ፔዳሉ ይታይ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አሮጌ ፒክአፕ ነው። «የሰው ቤት ሠራተኛን ከመኪና ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉ። ከመካከላችን የቤት ሾፌር የሆኑ ወንድሞች አሉ። እህቶችም ብንሆን ለአባት ወይም ለወንድም መሥሪያ ይሁን ብለን አሮጌ ሃይሉክስ ያስገዛን ጥቂት አይደለንም። ከዚያ አንድ ቀን ስልክ ይደወላል፦ «ፍሪሲዮኑ አልቋል፣ ብር ላኪ።» የስንት ወር ደሞዝ! ከመላካችን በፊት ግን የምንጠይቀው አለ።

መጀመሪያ ምልክቱን እንለይ። ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ዳገት ላይ ካልጎተተ፣ የመቃጠል ሽታም ካለው፣ ሸራው ሊያልቅ ይችላልና መካኒኩ እውነት አለው። ማርሽ አልገባ ካለ ወይም የኋላ ማርሽ ሲገባ የሚንጫጫ ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑ በደንብ እየለቀቀ አይደለም። ይኼ ከፔዳሉ ማያያዣዎች መበላት ሊመጣ ይችላል።

ፔዳሉ ሲረገጥ አንድ ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ የላይኛውን ፖምፓ፣ ዘይቱ የታችኛውን ፖምፓ፣ እሱ ደግሞ ሹካውን ይገፋል። በየመገጣጠሚያው ትንሽ ትንሽ ከተበላ የረገጥነው ሁሉ ታች አይደርስም።

ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎ እንዲህ ይታያል፦

1. ፔዳሉን በእጅ ወደ ግራና ቀኝ ማወዛወዝ። በጣም ከተንገዳገደ የሚዞርበት ቡሺንግ አልቋል።

2. በባትሪ ብርሃን ከዳሽቦርዱ ሥር ማየት። አንድ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ ሲነካው ዘንጉ ሳይነቃነቅ ፔዳሉ ብቻ ከሄደ፣ የሚያያይዛቸው ፒን ወይም ቀዳዳው ተበልቷል። ፒኑ ወጥቶ በጥፍር ሲዳሰስ ጎድጎድ ካለ ይለወጥ። በምስማር ወይም በሽቦ መተካት ክልክል ነው! መንገድ ላይ ከወደቀ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል፣ መኪናውም ከማርሽ አይለቅም።

3. ባዶ ጉዞውን በማስመሪያ መለካት። በብዙ አሮጌ ሃይሉክሶች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ነው። ከበዛ ማርሽ ያስቸግራል፤ ጭራሽ ከጠፋ ደግሞ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል።

4. የዘይቱን ልክ ማየት፤ ሁለቱም ፖምፓዎች አካባቢ እርጥበት መኖሩንም መዳሰስ። ደጋግመው ሲረግጡት ፔዳሉ የሚጠነክር ከሆነ አየር ገብቷል ወይም ፖምፓው ደክሟል።

5. ፔዳሉ የታሰረበት ብረት መሰንጠቁን ማየት።

ፒንና ቡሺንግ ለመለወጥ ካምቢዮ አይወርድም፤ ሸራ ለመለወጥ ግን ይወርዳል። የዋጋው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ «ፔዳሉ ታይቷል ወይ? የተበላው ዕቃ የታለ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ፎቶውንም አስልኩ። ይህ ክፉ መጠርጠር ሳይሆን ላባችሁን መጠበቅ ነው። ደህና ሰንብቱ!