የሠራተኛ አስተዳደር ተማሪ ሊለማመደው የሚገባ

ከልዩ ልዩ ወገን የተሰበሰቡ ሠራተኞችን በአንድነት ማሠራት ለአዋሽ ሸለቆ አዲስ ነገር አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአገሩ ኦሮሞ፥ ከከምባታ፥ ከሐዲያና ከወላይታ የመጣው አገዳ ቆራጭ፥ ሆላንዳዊውም መሐንዲስ በአንድ ስፍራ ውለዋል። ከአቦምሳ በታች በአዋሽ ዳር ባሉት የፍራፍሬና የአትክልት እርሻዎችም ሁኔታው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ የሠራተኛ አስተዳደር የሚማር ወጣት ደመወዝ መመዝገብንና ፈቃድ መቁጠርን ብቻ አውቆ ቢወጣ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በብሔር፥ በጾታ፥ በሃይማኖት ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል። ነገር ግን ሰው ማንንም ሳይጠላ፥ ባለማስተዋል ብቻም ሊበድል ይችላል። አንቀጽ 92 ሠራተኛው ስለ ሥራው አደጋ እንዲነገረው ያዛል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ማስጠንቀቂያ ሠራተኛው በማያነበው ቋንቋ ቢለጠፍ፥ ወረቀቱ ተሰቀለ እንጂ ሰውየው አልተነገረውም፤ ጉዳቱም በጤናው ላይ ይደርሳል።

ለተማሪው የሚከተለው ልምምድ ይጠቅመዋል።

፩ኛ/ አንዱን የሥራ ትእዛዝ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ያዘጋጅ።

፪ኛ/ ማንበብ ለማይችለው በቃልና በሥዕል ያስረዳ።

፫ኛ/ የሰማው ሰው ትእዛዙን በራሱ አነጋገር እንዲደግመውና በእጁ ሠርቶ እንዲያሳይ ያድርግ።

በሦስተኛው ያልተፈተነ ትእዛዝ ለሠራተኛው ደርሷል አይባልም። አሠሪዎችም ተማሪን ለልምምድ ሲቀበሉ ከመዝገብ ቤት አውጥተው ከሠራተኛው ጋር ሊያውሉት ይገባል።