ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቀን፤ ሚያዝያ 27

ሚያዝያ 27 በዘመን መቍጠሪያ ላይ አንድ ቀን ነው፤ በኢትዮጵያ ታሪክ ግን ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ መጀመሪያ በሐዘን፥ ኋላም በደስታ።

የሐዘኑ በ1928 ዓመተ ምሕረት ነው። በማይጨው ጦሩ ከተፈታ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን የኢጣልያው ማርሻል ባዶሊዮ ሠራዊቱን አስከትሎ አዲስ አበባ ገባ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ ወደ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ደረሰ። በዚያ ዘመን የአፍሪካ ምድር በባዕድ ተከፋፍሎ ነበርና፥ በአሜሪካ ያሉ ጥቁሮች ሳይቀሩ የኢትዮጵያን መወረር እንደ ገዛ ሐዘናቸው ቈጠሩት። ዶክተር መላኩ በያን በ1929 በኒውዮርክ የኢትዮጵያን የዓለም ፌዴሬሽን አቋቁመው እነዚህን ወገኖች ለእርዳታ ሰበሰቧቸው። ድሉን ሳያዩ ግን በ1932 ዐረፉ።

የደስታው በ1933 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር ወር በሱዳን በኩል ኦሜድላ ገብተው ሰንደቅ ዓላማ ተከሉ፤ ከዚያም ከአርበኞች ጋራ በጎጃም በኩል ተጓዙ። አዲስ አበባ መጋቢት 28 ቀን ከጠላት እጅ ወጥታ ነበር፤ በደርግ ዘመን በዓሉ በዚያ ቀን መዋሉም ስለዚህ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማይቱን የረገጡት ግን ሚያዝያ 27፥ ጠላት በገባ ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ ተማሪ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ያስተውል። በአዲስ አበባ እልልታ ሲሰማ፥ ከጉና ማዶ ደብረ ታቦር ገና በጠላት እጅ ነበረች። በዚያ የሰፈረው የኢጣልያ ጦር እጁን የሰጠው በሰኔ ወር መጨረሻ ነው። ጎንደርን ደግሞ ጄኔራል ናዚ ክረምቱን ሁሉ ይዟት ቈይቶ የተለቀቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። ስለዚህ ለበጌምድር ሰው ሚያዝያ 27 የጦርነት ፍጻሜ አልነበረም፤ ገና ሰባት ወር ያህል ቀርቶት ነበር።

በጎንደር ዙሪያ ከአርበኞችና ከእንግሊዞች ጋራ የተዋጉ ሌሎችም ነበሩ፤ እነርሱም ከኬንያና ከአጎራባቾቿ አገሮች በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የመጡ ጥቁር ወታደሮች ናቸው። ለሌላ አገር ነጻነት ሲወድቁ የገዛ አገራቸው በእንግሊዝ ትገዛ ነበር። ኬንያ ነጻ የወጣችው ጎንደር በተለቀቀች በ22 ዓመቱ፥ በታኅሣሥ ወር 1956 ነው።