ጂፒኤስ ልትገዛ ላሰብክ ልጄ

ልጄ፣ ክረምቱ ሲወጣ ከጓደኞችህ ጋር ዝዋይ ወርደህ ዓሣ ልታጠምድ፣ ከዚያም ከእንጦጦ ጀርባ አልፈህ ወደ ሙገር ሸለቆ ልትጓዝ እንዳሰብክ ሰማሁ። ለእጅ ጂፒኤስ መግዣ ገንዘብ ማጠራቀም መጀመርህንም ነገሩኝ። ደግ አስበሃል። ልብህ ለመልካም ነገር ፈጣን ነው፤ ችግሩ እጅህ ከልብህ ቀድሞ መሮጡ ነው። እኔ ዕድሜዬን በቅየሳ ሥራ ያሳለፍኩ የጉለሌ ሰው ነኝና ከመግዛትህ በፊት ይህን ረጋ ብለህ አንብብ።

1. ጂፒኤስ የሚያዘው ለመመለስ ነው፤ ይህን አትርሳ። ለመሄድማ ዓይን፣ ጉልበትና ጠያቂ አንደበት ይበቃል። የሚቸግረው ጉም ሲወርድ፣ ሲመሽ ወይም ሐይቁ ሲናወጥ የተነሱበትን ቦታ ማግኘት ነው። ስለዚህ ከመኪና እንደወረድክ፣ ጀልባው ላይ ሳትወጣ፣ ሰማይ በደንብ በሚታይበት ቦታ ቁምና የመነሻህን ነጥብ መዝግብ። መሣሪያው ቦታህን ከነከፍታው ለማስላት ቢያንስ አራት ሳተላይት መያዝ አለበት። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር ርቀው ይዞራሉ፤ ተዘግቶ የከረመ መሣሪያ የት እንዳሉ የሚገልጸውን መረጃ ከራሳቸው እስኪቀበል ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ይህችን ጊዜ ታገሥ። ዝዋይ ላይ ከባሕሩ መሐል ሆነህ ወደ ኋላ ስትመለከት ዳርቻው ሁሉ አንድ ዓይነት ደንገልና ቄጠማ ነው፤ ጀልባው የወጣባት ጠባብ በር የትኛዋ እንደሆነች በዓይን አትለያትም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ እየዞሩ በር መፈለግ አደጋ ነው። አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ ነው እንጂ ድስት ጥዶ ማልቀስ ምን ያደርጋል ይሉ ነበር እናቶቻችን።

2. የምትገዛውን በምትሄድበት ቦታ ለካው። ለእንጦጦ ፓርክ የግማሽ ቀን ጉዞ ስልክህ ይበቃሃል፤ ካርታውን ቀድመህ ካወረድክ ኔትወርክ በሌለበትም ቦታህን ያሳይሃል። ስልክ የሚያቅተው ረጅም ቀን፣ እርጥብ እጅና የሐይቅ ፀሐይ ነው። ለእነዚህ በአዝራር የሚሠራ፣ በፀሐይ ብርሃን የሚነበብ፣ ውሃ የማያስገባ መሣሪያ ያዝ። አይፒኤክስ 7 የሚል ካየህበት በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው። ውሃ አይገባውም ማለት ግን ይንሳፈፋል ማለት አይደለም። እንደ ጂፒኤስማፕ 78 ያለው የጋርሚን መሣሪያ ይንሳፈፋል፤ ትንሹ ኢትሬክስ ይሰምጣል። የማይንሳፈፈውን ከገዛህ በገመድ ከወገብህ እሰረው። ጥልቀትና ዓሣ ያሳየኛል ብለህም አትጠብቅ፤ ያ በድምፅ ሞገድ የሚሠራ ሌላ መሣሪያ ነው፤ ጥልቁ ቦታ 9 ሜትር ገደማ ለሆነው ለዝዋይ ደግሞ የባለጀልባው ልምድ ይበቃሃል። ያገለገለ ከሆነ የምትገዛው፣ የባትሪ ቤቱን ከፍተህ ዝገት ፈልግ፤ የገመድ መሰኪያውን የሚሸፍነው ጎማም መኖሩን እይ። ባለቀለም ስክሪንና ብዙ ጌጥ አያጓጓህ።

3. የባትሪ ድንጋዩን በራስህ እጅ ግዛ፣ ትርፍም ያዝ። ኢትሬክስ 10 በሁለት የባትሪ ድንጋይ 20 ሰዓት ገደማ እንደሚሠራ አምራቹ ይናገራል፤ ያ ግን ለጥሩ ድንጋይ ነው። ከየመደብሩ ደጃፍ የሚነሣው ርካሽ ድንጋይ፣ በተለይ በእንጦጦ ብርድ፣ የዚያን ሩብ ላይደርስልህ ይችላል። የሚሞላውን ዓይነት ከተጠቀምክ ደግሞ በመሣሪያው ውስጥ የባትሪውን ዓይነት አስተካክል፤ አለበለዚያ የቀረውን ጉልበት በትክክል አይነግርህም። ትርፉን በላስቲክ ጠቅልለህ በደረት ኪስህ አኑር።

4. ከማያውቁት አገር በፊት በሚያውቁት መለማመድ ይቀድማል። እንጦጦ ከደጃፍህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ተነሥተህ ውጣ፣ ነጥብ ያዝ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ዝም ብሎ እየተከተለህ በመሣሪያው ብቻ ተመለስ። ይህን የምልህ በሌላም ምክንያት ነው። የእንጦጦ አናት ውሃ ይከፍላል፤ በእኛ በኩል የወረደው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ በሱሉልታ በኩል የወረደው ሙገርን ይዞ ዓባይ ይደርሳል። በክረምት ጉም የተሳሳተ ሰው ‹‹ወንዙን ተከትዬ ከተማ እገባለሁ›› ብሎ በማዶ በኩል ይወርድና ከቤቱ እየራቀ ይሄዳል። ባሕር ዛፉ ጥቅጥቅ ባለበት፣ ቅጠሉም ሲርስ ምልክቱ እንደሚደክም በዓይንህ ታያለህ፤ ገላጣ ቦታ ስትደርስ ደግሞ ስህተቱ ወደ ጥቂት ሜትር ይወርዳል። እኔ ይህን ሥራ ስይዝ እንዲህ አልነበረም። አሜሪካኖች ምልክቱን ሆን ብለው ያዛቡት ስለነበር፣ እስከ ሚያዝያ 1992 ዓ.ም. ድረስ የእጅ መሣሪያ 100 ሜትር ያህል ይስት ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ አዳዲስ የእጅ መሣሪያዎች ከአሜሪካው ሌላ የሩሲያውን፣ የአውሮፓውን፣ አንዳንዶቹም የቻይናውን ሳተላይት ያነባሉ። መረጃዋን እንጦጦ ላይ ባለው ጣቢያ እንቀበል የነበረው፣ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. የመጠቀችው የራሳችን ሳተላይት ግን ምድርን ፎቶ የምታነሣ እንጂ መንገድ የምትመራ አልነበረችም፤ ጓደኞችህ ሲከራከሩ ንገራቸው።

5. ቀስቱን አምነህ ገደል አትግባ። ‹‹ወደዚህ ነጥብ ምራኝ›› ስትለው መሣሪያው የሚያሳይህ የአሞራ መንገድ ነው። በመካከል ያለውን ሸለቆ፣ ደሴት ወይም ረግረግ አያውቅም። ዝዋይ ላይ ከቱሉ ጉዶ ስትመለስ ቀስቱ ቀጥ ብሎ ጉማሬ ወደሚውልበት ቄጠማ ሊወስድህ ይችላል። ስለዚህ የሄድክበትን ዱካ የሚመዘግበውን የመሣሪያውን ክፍል ከመነሻህ ጀምረህ ክፈተው፤ ስትመለስ በዱካው ተመለስ። በሙገርና በጀማ ወንዞች ገደል ሥር ሲሆን ደግሞ ሰማዩ ስለሚጠብና ምልክቱ ከአለት እየነጠረ ስለሚመጣ ነጥቡ ሊዘል ይችላል። ያኔ ቆም በል፣ ገላጣ ፈልግ። ኮምፓስ የሌለው ርካሽ መሣሪያ ደግሞ አቅጣጫ የሚያውቀው ስትራመድ ብቻ ነው፤ ቆመህ ብታዞረው ያሳስትሃል።

6. ቁጥር ስትቀባበል አጻጻፉንም ተቀባበል። 9 ዲግሪ 5.50 ደቂቃና 9 ዲግሪ 5 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ለቸኮለ ዓይን አንድ ይመስላሉ፤ በመሬት ላይ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይራራቃሉ። የወረቀት ካርታ የምትጠቀም ከሆነ ደግሞ ጠርዙን አንብብ። የድሮዎቹ 1፡50,000 የኢትዮጵያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ መሣሪያህ ከፋብሪካ ሲወጣ ደብሊው ጂ ኤስ 84 ላይ ነው። ሁለቱን ሳታስማማ ብትሠራ ቦታህ ከመቶ ሜትር በላይ ይዛባል። በሜትር የሚቆጠረውን ዩቲኤም ከመረጥክ አዲስ አበባም፣ ዝዋይም፣ ጣናም በዞን 37 ውስጥ ናቸው።

7. መሣሪያውን ከማውጣትህ በፊት ሰላምታ ስጥ። ይህንን ከሁሉም አጥብቄ እነግርሃለሁ። ገበሬ ጂፒኤስን የሚያውቀው ከመሬት ልኬታና ከይዞታ ደብተር ጋር ነው። የማያውቀው ወጣት ማሳው ዳር ቆሞ ወደ ሰማይና ወደ እጁ ሲያይ፣ ‹‹መሬቴ ሊወሰድ ነው›› ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም። የዘመኔ ቀያሾች ብዙ ጊዜ የተባረሩት በስህተት ልኬት ሳይሆን በጎደለ ሰላምታ ነው። በሱሉልታና በዝዋይ በኩል ‹‹አካም ጂርቱ›› ማለትን ተማር፣ ሽማግሌ ካለ ወደ እሱ ቅረብ፣ ዓሣ ለማጥመድ እንደመጣህ ንገር፣ መሣሪያውንም አሳየው። ከዚያ በኋላ ራሱ ጎርፍ የሚወርድበትን ሸለቆና የሚሻገሩበትን መልካ ይነግርሃል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ካርታ አይነግርህም። መታወቂያህን ያዝ። በግድብ፣ በካምፕና በኬላ አጠገብ ነጥብ አትያዝ።

8. ዓሣ የተያዘበትን ነጥብ ከነወሩና ከነሰዓቱ ጻፍ፤ ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። ቆሮሶ ጠዋት ዳር ላይ ተገኘ ማለት በሚቀጥለው ወር እዚያው ይጠብቅሃል ማለት አይደለም፤ ሐይቁ ይሞላል፣ ይጎድላልም። ሌላም አደራ አለኝ። አንድ ቀን ጣና ብትደርስ ይህን እወቅ፦ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉት የሐይቁ የባርበስ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምቱ እየተመሙ እንደ ጉማራ ወዳሉት ወንዞች ለመራባት ይወጣሉ። በወንዝ አፍ ላይ መረብ ተዘርግቶ ሲያፍሳቸው ቁጥራቸው ክፉኛ ቀንሷል። እንዲህ ያለ ቦታ ካገኘህ መዝግበህ ለራስህ ያዝ፣ ለጓደኛ አትላክ፤ በዚያ ወቅትም መንጠቆህን አትጣል።

9. መሣሪያ ይሞታልና ወረቀት ይኑርህ። ትንሽ ኮምፓስና የመነሻህ ቁጥር በእርሳስ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት ከኪስህ አይለይ። ሌላ ቅጂ ለእናትህ ስጣት፦ የምትሄድበት ቦታ፣ ቁጥሩ፣ የባለጀልባው ስልክ፣ የመመለሻ ሰዓትህ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፍላት፤ መሣሪያው 18 ሰዓት የሚለው ለእሷ የማታ 12 ነው። ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት መሣሪያው ራሱ ያሳይሃል፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ቀድመህ ዳር ውጣ። የተናገርከው ሰዓት ቢያልፍ ለማን መደወል እንዳለባትም ጻፍላት። ስትደርስ ደግሞ ዓሣውን ከመኪና ከማውረድህ በፊት ደውልላት።