የመፈልፈያ ዋጋ በኩንታል ብቻ አይተመንም

የወለጋ ቡና አብዛኛው በጀንፈል ደርቆ የሚመጣ ነው። ከነቀምቴ እስከ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ የቡና መፈልፈያ ያለው ሰው በሥራ ወራት የወሩን ወጪ ደምሮ በተፈለፈለው ኩንታል ማካፈሉ ይቀለዋል። ግን ይህ ስሌት 100 ኩንታል በአንዴ የሚያራግፈውን ነጋዴ 5 ኩንታል ካመጣው ደንበኛ ጋር እኩል ያደርገዋል።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሒሳብ አያያዝ ምሁራኑ ሮቢን ኩፐርና ሮበርት ካፕላን ለፋብሪካዎች ያስተዋወቁት ዘዴ መንገዱ ሌላ ነው፤ ወጪው መጀመሪያ ለሥራው፣ ቀጥሎ ሥራውን ላመጣው ደንበኛ ይመደባል።

1. ሥራዎቹን ይለዩ። መመዘንና መመዝገብ፣ ማሽን መጥረግ፣ መፈልፈል። ሦስት አራት ይበቃል፤ ከበዛ መዝገቡን የሚሞላ አይገኝም።

2. እያንዳንዱን ወጪ ምን እንደሚያበዛው ይጠይቁ። መብራትና የጀነሬተር ናፍጣ ከኩንታሉ ጋር ይጨምራሉ። የአንዱ ቡና ከሌላው እንዳይቀላቀል ማሽኑን አቁሞ መጥረግ ግን በጭነት ቁጥር ነው፤ ለ5 ኩንታልም ለ100ም ጥረጋው ያው ነው።

3. ያስሉ። ለምሳሌ በወሩ አንድ ባለ 100 ኩንታልና ሃያ ባለ 5 ኩንታል ጭነቶች ገቡ እንበል፤ በድምሩ 200 ኩንታል፣ 21 ጭነት። የመፈልፈል ወጪው 40,000 ብር ከሆነ ለኩንታል 200 ብር ነው። የመመዘንና የመጥረግ ወጪው 42,000 ብር ከሆነ ለአንድ ጭነት 2,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ትልቁ ጭነት በኩንታል 220 ብር፣ ትንሹ 600 ብር ያስወጣል። በድሮው ስሌት ሁለቱም 410 ነበሩ። ይኼኔ ትልቁ ነጋዴ ወደ ጎረቤት መፈልፈያ ቢሄድ አይገርምም።

ደመወዝን ለየሥራው ሲያከፋፍል ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሠራተኛውን «ጊዜህን በምን ታጠፋለህ?» ብሎ መልሱን ሲጽፍ ነው። ማንም «ሥራ ፈትቼ እቀመጣለሁ» አይልም። እያንዳንዱ ሥራ የሚወስደውን ጊዜ ለአንድ ሳምንት በሰዓት ይለኩ።

በክረምት ማሽኑ ሲቆም የጥበቃ ደመወዝና ኪራይ አይቆምም። የእነዚህን የዓመት ወጪ ማሽኑ በሥራ ወራት ሊፈለፍል በሚችለው መጠን ያካፍሉ። የተረፈውን «ያልተሠራበት አቅም» ብለው ለብቻ ይመዝግቡ እንጂ በጥቂት ደንበኞች ላይ አይጫኑት፤ ዋጋው ሲወደድ እነሱም ይሸሻሉ።

ይህ ስሌት ለራስዎ ውሳኔ ነው፤ ለግብር የሚቀርበው ሒሳብ በደንቡ ይሠራል።

ውጤቱን ካገኙ በኋላ በትንሹ ደንበኛ ላይ ዋጋ መቆለል የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። የየመንደሩ ገበሬዎች ተስማምተው ጀንፈላቸውን በአንድ ቀን፣ እንደ አንድ ጭነት ቢያስገቡ የሃያ ጊዜው ጥረጋ ወደ አራት ወይም አምስት ይወርዳል። ካልሆነ ለጭነት መነሻ ክፍያ፣ ለኩንታል ደግሞ ዝቅ ያለ ዋጋ ይተምኑና ሚዛኑ አጠገብ ይለጥፉት።