አንቺ ልጅ፣ ከዜናው ቀና በይ

ከኋላሽ ቆሜ ሳይሽ ያንኑ አንድ የወረርሽኝ ወሬ ከቴሌግራም ወደ ፌስቡክ እየዞርሽ ታነቢያለሽ። እስቲ ስልኩን ዝቅ አድርጊው። ወሬ መስማት አይከፋም፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ ከታመነ ቦታ ሰምተሽ ዝጊው። እኩለ ሌሊት አልጋ ውስጥ ሆነሽ የሟች ቁጥር ብትከታተይ የሚተርፍሽ እንቅልፍ ማጣቱ ነው፤ ድባቴ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰው ይወዳል።

«እቴቴ፣ እኔ ጠንካራ ነኝ» ትይኛለሽ። በኮሮና ጊዜም ስንቱ እንዲህ ብሏል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እንዳስታወቀው፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ ጨምረዋል። የባሰባቸው ሴቶችና ወጣቶች ናቸው፤ አንቺ ደግሞ ሁለቱንም ሆነሻል! ይህን የምነግርሽ ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። ድባቴ ሰው ላይ የሚበረታው ኑሮው ሲናጋ መሆኑን እንድታውቂ ነው፤ ሥራው የቆመበት፣ ቤቱ ውስጥ ዱላ ያለበት፣ ከዚህ በፊት ታሞ የሚያውቅና መድኃኒቱ የተቋረጠበት። እ.ኤ.አ. በ2003 ሳርስ የተባለው ወረርሽኝ ቶሮንቶ በገባ ጊዜ፣ ለይቶ ማቆያ ውስጥ ከነበሩት 129 ሰዎች ተጠይቀው 31 በመቶ ያህሉ የድባቴ ምልክት ነበረባቸው። ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑት ላይ ደግሞ ብሶ ነበር። ስለዚህ ለጎረቤትሽ ከምክር በፊት አስቤዛ ብታደርሺላት ለአእምሮዋም ነው።

እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ለቅሶው ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። መከልከሉ ትክክል ነበር፤ ሰው ሲሰበሰብ በሽታው ይዛመታል። ግን እኛ ሐዘንን የምንችለው ተሰብስበን አይደል? ድንኳኑ፣ ንፍሮው፣ የእድርተኛው መመላለስ፣ «ዛሬ ብቻዋን አትደር» እየተባባሉ አብሮ ማደሩ ሁሉ ሐዘንተኛውን ደግፎ የሚያቆም ነበር። ያ ሁሉ ቀርቶ በስልክ «እግዜር ያጥናሽ» ሆነ። ሐዘናቸው ሳይወጣላቸው የቀሩ፣ እስከ ዛሬም ያልተጽናኑ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለ ቀን ዳግመኛ ከመጣ፣ ለቀስተኛ በሚገባበት በማታው ሰዓት ለሐዘንተኛዋ ደውዪላት። ወጥ ሠርተሽ በሯ ላይ አስቀምጪ፤ ራቅ ብለሽ ግቢው ውስጥ ቆመሽ አልቅሺላት። በሳምንቱም በወሩም ድገሚው። አንዴ ደውሎ መጥፋት ለግብር ይውጣ ነው።

አረብ አገር ያለችውን የአክስታችንን ልጅም አትርሺ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቤሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን አምጥተው ቆንስላው ደጅ ጥለዋቸው ሄደዋል፤ የብዙዎቹ ደመወዝ እንኳ አልተከፈለም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ስትደውይላት «ብር ላኪልን» የሚለውን ለጊዜው ተዪላት። ይህን ለእማዬም ንገሪያት፤ ከእኔ አልሰማ ብላለች።

ራስሽን ስለ መጠበቅ የቀረው ነገር ምሥጢር የለውም፣ ቪታሚን ሻጮች ይቀየሙኝ እንጂ። በሰዓትሽ ተነሺ፣ ቤት ብትውዪም ልብስሽን ቀይሪ፣ ፀሐይ ላይ ትንሽ ተራመጂ፣ በቀን አንድ ሰው አነጋግሪ። ቢራውም ጫቱም ለዕለቱ ያስረሳል፤ በማግስቱ ግን ዕዳው ከነወለዱ ይመጣል። ጸሎትሽን አልነካም፤ ብርታት ይሰጥሻል። ጸበልና መድኃኒት ግን አይጣሉም።

ደስታ ከራቀሽ፣ የምትወጂው ነገር ካስጠላሽ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀን በቀን ካልለቀቀሽ፣ «ያልፋል» እያልሽ አትጠብቂ። ጤና ጣቢያ ሂጂና ተናገሪ፤ አማኑኤል ሆስፒታል ቢልኩሽም «ሰው ምን ይለኛል» ብለሽ አትፈሪ። ጓደኛሽም «መኖር ሰለቸኝ» ካለችሽ በቀልድ አታልፊያት። «ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብለሽ በቀጥታ ጠይቂያት። መጠየቅሽ ያላሰበችውን ሐሳብ አያስገባባትም። አዎ ካለችሽ ለደቂቃም ብቻዋን አትተያት፤ እቤት ያለውን መድኃኒትና መርዝ ሁሉ አርቂ፣ በዚያው ቀን ይዘሻት ወደ ሕክምና ሂጂ።