የስልክ ቍጥርና የምስጢር ቃል አጠባበቅ ለነጋዴ

ነጋዴ ከዕቃውና ከገንዘቡ ይልቅ ሊጠብቀው የሚገባው ሀብት መልካም ስሙ ነው። ዛሬ የነጋዴ ስም በሱቁ ደጃፍ ብቻ ሳይሆን በፌስቡክና በቴሌግራም ገጹም ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ጥበቃው እስከዚያ መድረስ ይኖርበታል።

በመጋቢት 2013 ዓ.ም. በ106 አገሮች የሚኖሩ ከ530 ሚሊዮን የሚበልጡ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስምና ስልክ ቍጥር ማንም ሊያገኘው በሚችልበት ስፍራ ተዘርግቶ ተገኘ። መረጃው የተለቀመው ከ2011 ዓ.ም. ማብቂያ በፊት ነበር። ለቃሚዎቹም የማንንም የምስጢር ቃል አልሰበሩም፤ ወዳጆችን በስልክ ቍጥር ፈልጎ ለማገናኘት በተበጀው መሣሪያ እጅግ ብዙ ቍጥር እያስገቡ፣ እያንዳንዱ የማን እንደ ሆነ አወቁ። የአየርላንድ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ በኅዳር 2015 ዓ.ም. በባለቤቱ በሜታ ኩባንያ ላይ የ265 ሚሊዮን ዩሮ መቀጫ ወሰነ። ይሁን እንጂ መቀጫው የወጣውን ቍጥር አይመልስም። የምስጢር ቃል ወዲያው ይለወጣል፤ ደንበኛ ሁሉ የሚያውቀው ስልክ ቍጥር ግን በቀላሉ አይለወጥም።

ጕዳቱ ወደ ላስታ እንዴት ሊደርስ እንደሚችል በምሳሌ እንመልከት። በላሊበላ የእንግዳ ማረፊያ ያለው ነጋዴ ለገና በዓል ክፍል የሚይዙትን እንግዶች በቴሌግራም ይቀበላል እንበል። ስሙንና ቍጥሩን የያዘ አታላይ «ከድርጅቱ ነው የምንደውለው፤ አሁን የደረሰዎትን ቍጥር ይንገሩን» ይለዋል። በስሙ ስለ ተጠራ ያምናል። ያ ቍጥር ግን የገጹ ቍልፍ ነው። አታላዩ በነጋዴው ስም ገብቶ ከእንግዶቹ ቀብድ ይሰበስባል፤ እንግዳው በበዓሉ ዋዜማ ሻንጣውን ይዞ ሲደርስ የሚጠይቀው የማረፊያውን ባለቤት ነው።

ስለዚህ ቀጥሎ ያለውን መፈጸም ያስፈልጋል።

1ኛ/ የማረጋገጫ ቍጥር ጠያቂው ማንም ቢሆን አይነገርም።
2ኛ/ በየገጹ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይከፈት፤ አንዱ ቍልፍ ቢሰረቅ ሁለተኛው በሩን ይጠብቃል።
3ኛ/ የባንክና የቴሌብር የምስጢር ቍጥር ለሌላ አገልግሎት አይደገም።
4ኛ/ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ፣ ገጹ የተከፈተባቸው ስልኮች ዝርዝር ታይቶ የማይገባው ይውጣ።
5ኛ/ ሲም ካርድ ቢጠፋ ሳይውል ሳያድር ለቴሌኮም ድርጅቱ አስታውቆ ማዘጋት ነው።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም የሰውን የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅት በጥንቃቄ እንዲጠብቀው ያዛል። የእንግዳው ፓስፖርት ሥዕል በነጋዴው ስልክ ውስጥ ካለ፣ ነጋዴው የራሱን ሀብት ብቻ ሳይሆን የሰው አደራም ተቀብሏል።